የጠበቃ ውል ላይ «ከፍርዱ ገንዘብ 15 በመቶ» ሲባል ከየትኛው ገንዘብ ነው? (ድሬዳዋ)

ታይዋን ሱቅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ለጅምላ ደንበኛ በዱቤ የተሰጠ ዕቃ አለ። ዋናው ዕዳ 1,800,000 ብር ነው፤ ባለዕዳው የፈረመበት የርክክብ ሰነድ በእጃችን ነው። ክስ ልንመሠርት ጠበቃ አነጋግረን የሁለት ገጽ ውል ሰጥቶናል፣ ከውክልና ረቂቅ ጋር። ከመፈረሜ በፊት ግልጽ ያልሆኑልኝን ቃል በቃል ላስቀምጥ፦

አንደኛ፣ «ደንበኛ 60,000 ብር በቅድሚያ እንዲሁም ከፍርዱ ገንዘብ 15 በመቶ ይከፍላል።» ቅድሚያው ከ15 በመቶው ላይ ይቀነሳል ወይስ በላዩ ነው?

ሁለተኛ፣ «ጠበቃው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይከታተላል።» መጨረሻው የት ነው?

ሦስተኛ፣ «ደንበኛ ውሉን ቢያቋርጥ ሙሉ ክፍያውን ይከፍላል።»

አራተኛ፣ ውክልናው ላይ «በስሜ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» ይላል። ይህ ሁሉ የግድ ነው? ውሉና ውክልናውስ አንድ ነገር ናቸው?

ከዚራ ጥግ፦

በድሬ ወግ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። ከአራቱ ኪስ የሚያራቁተው የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

«የፍርዱ ገንዘብ» ዳኛው በወረቀት የወሰነልሽ ነው። እጅሽ የሚገባው ሌላ ነው። ባለዕዳው ንብረቱን አሽሽቶ ወይም ሌላ ዕዳ ተደራርቦበት 600,000 ብር ብቻ ቢሰበሰብ በዚህ ውል መሠረት ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። 15 በመቶው የሚታሰበው ከ1,800,000 ላይ ስለሆነ 270,000 ብር ነው። ቅድሚያው ይቀነሳል የሚል ቃል ስለሌለ 60,000 ይጨመርበታል፤ 330,000። ጠበቃው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነና ዋጋው ታክሱን ያካትታል ካልተባለ ሌላ 15 በመቶ፣ ማለትም 49,500 ብር ይመጣል። ድምሩ 379,500። ከሰበሰብሽው 600,000 ውስጥ የሚተርፍሽ 220,500 ብር ነው። ፍርዱን አሸንፈሽ ማለት ነው!

በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ወለድም ሊወስንልሽ ይችላል። በውላችሁ ሌላ የወለድ መጠን ካልተስማማችሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። የአንድ ዓመቱ 162,000 ብር ይሆናል። «የፍርዱ ገንዘብ» ወለዱንም ያጠቃልላል ከተባለ የጠበቃው 15 በመቶ ከ1,962,000 ላይ ሊታሰብ ነው።

አንቀጹን እንዲህ አስለውጪው፦

«የጥብቅና አገልግሎት ክፍያው ደንበኛው ከባለዕዳው በእጁ ካስገባው ዋና ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ነው። ወለድና ፍርድ ቤት የሚወስነው ወጪና ኪሳራ በስሌቱ አይገቡም። በቅድሚያ የተከፈለው 60,000 ብር ከዚሁ ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ገንዘቡ በከፊል ከተሰበሰበ ክፍያው በተሰበሰበው መጠን ብቻ ይሆናል። የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈል ከሆነ በዚሁ 15 በመቶ ውስጥ ተካቷል።»

በዚህኛው አጻጻፍ 600,000 ቢሰበሰብ የጠበቃው 90,000 ነው፤ ቅድሚያው ሲቀነስ ቀሪው 30,000 ብር። ልዩነቱን አንቺው ቁጠሪው። «በእጁ ካስገባው» የምትለዋን ቃል ብቻ አትልቀቂ፣ ሌላው ድርድር ነው።

ገንደቆሬ፦

ከዚራ ያለው ልክ ነው፣ ግን ጠበቃውም የሚለው አለው። የሱ ልፋት ያለው ከፍርድ በፊት ነው፤ ባለዕዳው ደሃ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ስለዚህ «ከተሰበሰበው ብቻ» ስትዪው እምቢ ካለ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። መሃል መንገዱ ቁርጥ ክፍያ በየደረጃው ከፍሎ፣ አነስ ያለ መቶኛ ደግሞ ከተሰበሰበው ላይ ማሰብ ነው። በእኔ ግምት የተፈረመ የርክክብ ሰነድ ያለው ሰው ሙሉ 15 በመቶ መስጠት የለበትም። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ገንዘቡን ማውጣት ነው። ዋናውን ክፍያ ማውጣቱ ላይ አድርጊው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ «እስከ መጨረሻው» የሚባል ነገር በፍርድ ቤት የለም። መዝገብ ነው ያለው። የመጀመሪያው ክስ አንድ መዝገብ ነው። ይግባኝ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቁጥር ነው። ሰበርም (መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ የሚታይበት ችሎት) ሌላ። ፍርድ ማስፈጸም ደግሞ ራሱን የቻለ የአፈጻጸም መዝገብ ነው። ውሉ ካልዘረዘራቸው ጠበቃው ፍርድ በተነበበ ዕለት «ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ለአፈጻጸም አዲስ ውል» ይልሻል፤ አነጋገሩም ስህተት አይሆንም። አራቱም በስማቸው ይጻፉ፣ የትኛው በዚህ ዋጋ እንደሚካተት፣ የትኛው በተጨማሪ እንደሆነና ተጨማሪው ስንት እንደሆነ።

በተለይ አፈጻጸም። ባለዕዳው ያለውን ንብረት ፈልጎ ማሳወቅ፣ ባንክ ሒሳብና ተሽከርካሪ ማሳገድ፣ ሐራጅ መከታተል፣ ይህ ሁሉ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። ጠበቃ ሲቀጠር ስለ ክሱ እንጂ ስለዚህ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ባለዕዳው ንብረት ማሸሽ ጀምሯል ብለሽ ከሰጋሽ ደግሞ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲታገድ ማመልከት ይቻላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። ይህም ሥራ በውሉ ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ይግባ፤ አለዚያ «አልተስማማንበትም» ይባላል።

ቁርጥ ክፍያ ከሆነ አከፋፈሉን ከደረጃው ጋር እሰሩት። ለምሳሌ ሩቡ ክሱ መዝገብ ቤት ገብቶ የመዝገብ ቁጥር ሲሰጥ፣ ሩቡ ተከሳሹ መልስ ሰጥቶ ጭብጥ (ክርክሩ የሚያተኩርበት ነጥብ) ሲያዝ፣ ሩቡ ምስክርና ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ሩብ ፍርድ ሲሰጥ። «በየቀጠሮው ይህን ያህል» የሚለውን አትቀበዪ። ቀጠሮ ተከሳሹ መጥሪያ ባለመድረሱም፣ ዳኛ ባለመሟላቱም ይተላለፋል፤ በማንም ጥፋት ባልሆነ ነገር አትከፍዪም። «ሲፈረም ግማሹ» የሚለውም ለሁለታችሁም አይጠቅምም፤ ግማሹን የተቀበለ ሰው ክሱን ለመጻፍ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

የፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ፣ የምስክር አበል፣ የትርጉም፣ የኮፒና የመጓጓዣ ወጪ ከጠበቃው ክፍያ ውጭ ናቸው። ማን እንደሚከፍል፣ ስንት ብር ሲያልፍ አንቺን ማስፈቀድ እንዳለበት ጻፉ። የዳኝነቱን ገንዘብ ራስሽ ከፍለሽ ደረሰኙን ያዢ። ይህ ኋላ ላይ ይጠቅምሻል፤ ስመለስ እነግርሻለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦

ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ልመልስ። ውልና ውክልና አንድ አይደሉም። ውሉ በአንቺና በጠበቃው መካከል ያለ የክፍያና የሥራ ስምምነት ነው፤ ቢሮው ውስጥ ትፈራረማላችሁ። ውክልናው ለሦስተኛ ወገን የሚታይ ሥልጣን ነው፤ ውልና ማስረጃ ሄደሽ፣ ቀርበሽ፣ መታወቂያ አሳይተሽ የሚረጋገጥ። ድርጅት ከሆናችሁ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነውና የንግድ ምዝገባውንና ሥልጣኑን የሚያሳየውን ሰነድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ያለ ልዩ ሥልጣን የማይሠሩ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ክስ መመሥረትና መከላከል፣ መታረቅ፣ ለሽምግልና መስማማት ከነሱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «እንዲከስና እንዲከራከር» ይግባ፤ ያለሱ ጠበቃው ችሎት መቆም አይችልም። ሌሎቹ ግን የግድ አይደሉም። «እንዲታረቅ» የሚለው ካለ ጠበቃው ከባለዕዳው ጋር በ700,000 ብር ቢስማማ ስምምነቱ አንቺን ሊያስር ነው። አውጪው፤ ወይም «ደንበኛው በጽሑፍ ከተስማማ ብቻ» ብለሽ ገድቢው። «ገንዘብ እንዲቀበል» የሚለው ደግሞ የፍርዱ ገንዘብ በጠበቃው እጅ ያልፍ ዘንድ በር ይከፍታል። ክፍያው በቀጥታ በድርጅታችሁ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ እየቻላችሁ ለምን? ቢቀበልም ተወካይ የተቀበለውን የማሳወቅና የማስረከብ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ግዴታ አለበት ብሎ መሟገትና ገንዘቡን በእጅ መያዝ ለየቅል ናቸው። «ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» የሚለው አንድ ጥቅም አለው፤ ጠበቃው ቢታመም ባልደረባው ቀጠሮ ይቆምልሻል። ካስቀመጥሽው «ጠበቃ ለሆነ ሰው ብቻ» በዪ።

ሦስተኛው ነጥብ። ውክልናን መሻር መብትሽ ነው፣ በማንኛውም ጊዜ። ቁጥር 2226 ይህን የሚከለክል ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል። ነገር ግን ይህ ስለ ሥልጣኑ ነው። የሠራበት ሥራ ዋጋ ግን ይቀራል። ስለዚህ «ሙሉ ክፍያ» የሚለው ይውጣና በምትኩ «ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ እስከዚያ ለተጠናቀቀው ደረጃ ብቻ ይከፈላል» ይግባ። ገንደቆሬ የጻፈው የሩብ አከፋፈል እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ የትኛው ደረጃ እንዳለቀ መዝገቡ ራሱ ይናገራል፣ ክርክር አይኖርም። ጠበቃው ራሱ ቢያቋርጥስ? ቀጠሮ ሊደርስ ሲል «ትቻለሁ» እንዳይልሽ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቂያ የሚሰጥበት የቀን ብዛት ይጻፍ፤ 15 ቀን ያንሳል፣ 30 ቀን ይሻላል።

ስትሽሪ ደግሞ ሰዎች የሚረሱት አለ። ውልና ማስረጃ ሄዶ መሻር ብቻውን አይበቃም። መሻሪያውን ኮፒ አድርገሽ መዝገቡ ላለበት ችሎት አስገቢ፤ ለባለዕዳውም እንዲደርስ አድርጊ። የተሻረ ውክልና መዝገብ ውስጥ ሳይነገር ከተቀመጠ አሮጌው ጠበቃ አሁንም ባንቺ ስም መጥሪያ ይቀበላል።

ኦሪጅናል ሰነድ አትስጪው። የርክክቡ ሰነድ ኮፒ ከክሱ ጋር ይያያዛል፤ ኦሪጅናሉ ችሎቱ ሲጠይቅ ይቀርባል። የግድ ከሰጠሽ ምን ምን ሰነድ፣ ስንት ገጽ እንደተረከበ አስፈርሚው።

ጀጎል አምስት በር፦

ለሐረር ሰዎችም ይጠቅም ዘንድ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ድሬ ላይ የከተማው አስተዳደር ፍርድ ቤትም የፌደራል ፍርድ ቤትም አለ፤ የየራሳቸው ሥልጣን አላቸው። ክሱ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ከገባ ተከሳሹ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳና መዝገቡ ይዘጋል። ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፤ ስለዚህ «ክሱ በሥልጣን ጉድለት ቢዘጋ ጠበቃው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ድጋሚ ያቀርባል» የሚል መስመር አግባብ ነው። በፌደራሉ በኩል ከሆነ በገንዘብ መጠን እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፣ የአዋጅ 1234/2013 ድንጋጌ ነው። የእሷ 1.8 ሚሊዮን ስለሆነ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲኖር እንጂ መጀመሪያ አይነካትም።

ሐረር ላይ ደግሞ ክልሉ የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። ጉዳዩ ወደ ፌደራል ሰበር ከሄደ የፍርዱ ግልባጭ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ የገጹ ብዛት የሚያስደነግጥ ስለሚሆን የትርጉሙ ወጪ በማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር።

ፈቃዱን አይታችሁ ነው የምትፈርሙት? የፌደራሉ የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ በአዋጅ 1249/2013። እድሳቱ ያለፈበት እንዳይሆን፣ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሠራም አረጋግጡ። የፍርድ ቤት በር ላይ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም፤ ራፖር ጸሐፊም ጠበቃ አይደለም። ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ሊጽፍልሽ ይችላል፤ ችሎት ቆሞ አይከራከርልሽም።

ገንዘብ ለሌለው ሰው፦ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ኮሌጅ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው በድህነት መክሰስ የሚባል አለ፤ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ቀርቦ ይመረመራል። ከቤተሰብ ደግሞ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ ወላጅ በውክልና መቆም ይችላሉ፤ ጠበቃ መሆን አይጠበቅባቸውም።

ታይዋን ሱቅ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ላክል። ባለዕዳው ክሱ እንደገባ ሽማግሌ ልኮ ግማሹን ቢከፍልና ብንስማማ ለጠበቃው ስንት ይደርሳል? ሌላው፣ ከውሉ ውጭ «ለውስጥ ማስፈጸሚያ 20,000 ብር» ተጠይቄአለሁ፤ ደረሰኝ የለውም ተብያለሁ።

ከዚራ ጥግ፦

የሁለተኛውን አስቀድሜ። ደረሰኝ የሌለው «ለውስጥ» ገንዘብ ጉቦ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሰጪውም የተቀባዩም ወንጀል ነው፤ አንቺ ሰጪዋ ነሽ። ደግሞ ባንቺ ስም ተሰጠ የተባለው ገንዘብ ለተባለው ሰው መድረሱን የምታረጋግጪበት መንገድ የለሽም። ገንዘቡን በጽሑፍ ይጠይቅሽ በዪው፣ በጽሑፍ ካልጠየቀ ሌላ ጠበቃ ፈልጊ። ይህንን ያለ ሰው ገንዘብሽን የሚሰበስብ ውክልና ሊይዝ አይገባም።

ስምምነቱን በተመለከተ፣ አሁን ያለው ውል አፉን ዘግቷል፤ ያ ማለት ጠብ ነው። «ከፍርድ በፊት በስምምነት ካለቀ ከተከፈለው ገንዘብ 7 በመቶ» ዓይነት መስመር አስገቢ፤ የክርክሩ ሥራ ስለሚቀር ከፍርዱ መቶኛ ማነስ አለበት። በጽሑፍ የተደረገው ስምምነት ለችሎቱ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ባለዕዳው ቃሉን ቢያጥፍ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሽማግሌ ፊት በጭብጨባ የተጨረሰ ግን አይፈጸምም፤ እንደገና ክስ ነው።

ገንደቆሬ፦

እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ስትረቺ ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ ክሱ ላይ ግን ዳኝነት ተብሎ (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልሽ) ካልተጠየቀ ፍርዱም ላይ ላይኖር ይችላል፣ ጠበቃው እንዳይረሳው። ፍርድ ቤቱ ወጪ በባለዕዳው ላይ ካደረገ የወጪ ዝርዝር ሒሳብ ይቀርባል። የዳኝነት ክፍያ ደረሰኝ፣ የምስክር አበል፣ የጠበቃ ክፍያ ውልና ደረሰኝ ሁሉም እዚያ ይዘረዘራሉ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እዚህ ላይ ይቀራል፤ የጠበቃ ክፍያም ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው ከተዋዋላችሁት ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ «ፍርድ ቤቱ የሚወስነው የጠበቃ ወጪ የደንበኛው ነው» ብለሽ ጻፊ፤ ካልተጻፈ «ለጠበቃ የተወሰነ ስለሆነ የኔ ነው» የሚል ይመጣል።

ቀኖቹንም እጅሽ ላይ ያዢ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ የሥራ ክርክር ከሆነ 30። ፍርዱ በተነበበ ዕለት ግልባጭ ይጠየቅ። ከሳሽ በቀጠሮ ባለመቅረቡ መዝገቡ ከተዘጋ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ጠበቃሽ ስላልነገረሽ ብቻ አይከፈትልሽም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጠበቃው የቀጠሮውን ቀንና የችሎቱን ውሎ በሁለት ቀን ውስጥ በመልእክት ያሳውቃል» ይባል። አንቺም የመዝገቡን ቁጥር ወስደሽ፣ በወር አንዴ ችሎቱ ጋ ጎራ እያልሽ ራስሽ እዪው።

ፍርድ ካገኘሽ በኋላ ለአፈጻጸም ያለሽ ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ባለዕዳው ንብረት የለውም ተብሎ አሁን ባይሳካ በውሉ ላይ «አፈጻጸም» የሚለው ለመጀመሪያው ሙከራ ብቻ እንደሆነ ወይም እስኪሰበሰብ ድረስ እንደሆነ አስለዪ። አብዛኛው ጠበቃ ለአንድ የአፈጻጸም መዝገብ ነው የሚዋዋለው፤ ያም ልክ ነው፣ ብቻ ይጻፍ።